የማስዳር ሹፌር አልባ መኪኖች ለምን ቀሩ?

አቡ ዳቢ እ.ኤ.አ. በ2006 የማስዳርን ውጥን ይፋ ስታደርግ፣ በነዳጅ የከበረች ግዛት ከነዳጅ ጭስ የጸዳ ከተማ ልትገነባ መነሣቷ ብቻውን ትልቅ ዜና ነበር። የኖርማን ፎስተር ድርጅት የነደፈው ማስተር ፕላን የግል መኪናን ከከተማው ዳር ያስቆማል። ነዋሪው ከዚያ ወዲያ በእግሩ ይሄዳል፤ አለዚያም መድረሻውን መርጦ ሹፌር በሌላት ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ይሳፈራል። በሺህ የሚቆጠሩ መኪኖች መላ ከተማውን እንዲያዳርሱ ታስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ማብቂያ ሥራ የጀመሩት ግን አሥር የመንገደኛ መኪኖችና ሁለት የመሳፈሪያ ጣቢያዎች ብቻ ናቸው፤ በጣቢያዎቹ መካከል ያለው ርቀትም አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ማስፋፊያው በዚያው ዓመት ቀረ።

ብዙዎች ጥፋቱን እ.ኤ.አ. በ2008ቱ የዓለም የገንዘብ ቀውስ ላይ ይጥላሉ። ቀውሱ ማስዳርን እንዳዘገየ አልክድም፤ ከተማዋ ግን ዛሬም እየተገነባች ነው። ታዲያ ሌላው ሲቀጥል መጓጓዣው ለምን ተቆረጠ? መልሱ ያለው ከመኪኖቹ ሳይሆን ከሚሄዱበት ወለል ነው። መኪኖቹ የሚመሩት መንገዱ ውስጥ በተቀበሩ ማግኔቶች ነው። ከእግረኛ ጋር እንዳይገናኙም ከተማው በሙሉ በምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ ሊሠራ፣ እነሱም ከሥር ሊመላለሱ ነበር። በዚህ አሠራር አንድ ሰፈር መጓጓዣ የሚደርሰው መጀመሪያ ሰፈሩን የሚሸከመው ምድር ቤት ሲያልቅ ነው። የአውቶቡስ መስመር ተሳፋሪ ቢያጣ ወደ ሌላ ጎዳና ይዛወራል፤ ምድር ቤት ግን አንዴ ከተገነባ አይነቀልም፣ ገና ማንም ላልሰፈረበት ቦታም ወጪው አስቀድሞ ይከፈላል። እኔ ስሕተት የምለው ይህንን ነው፦ መጓጓዣው ከተማው ሳይኖር መጀመር አይችልም፣ ከተማውም መጓጓዣውን ሳይጠብቅ ማደግ አይችልም።

ቴክኖሎጂው ሠርቷል የሚል ተከራካሪ እውነት አለው። መኪኖቹ ያለ ሹፌር ሰው አመላልሰዋል። በአሜሪካ ሞርጋንታውን የሚገኘው ተመሳሳይ መጓጓዣ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ግቢዎችን ያገናኛል፤ በለንደን ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያም እ.ኤ.አ. በ2011 ሦስት ጣቢያ ያለው ተመሳሳይ አገልግሎት ተከፍቷል። ሁለቱ የተሳካላቸው መነሻና መድረሻው በታወቀ፣ ተሳፋሪው አስቀድሞ ባለበት ቦታ ስለተሠሩ ነው። የአንድ ከተማ የጠዋት ሰልፍ ሌላ ነገር ነው። የማስዳሯ መኪና አራት አዋቂ ትይዛለች፤ አንድ አውቶቡስ የሚጭናቸውን 50 ሰዎች ለማድረስ 13 መኪና ያስፈልጋል፣ ያውም ሁሉም ሞልተው ከሄዱ።

ከማስተር ፕላኑ ውስጥ ከፍ ያለ ወለል የማይጠይቀው ክፍል በመልካም ሁኔታ ላይ ነው። ጠባብና ጥላ ያላቸው መንገዶቹ በዚያ ሙቀት እግረኛውን ያሳርፋሉ፤ ለእነሱ አድናቆቴ ሙሉ ነው፣ ከመኪኖቹም ይበልጥ መወራት የነበረበት ስለእነሱ ነበር። ማስዳር እ.ኤ.አ. በ2018 ሌላ ሹፌር አልባ አነስተኛ አውቶቡስ ስትሞክር፣ ተሽከርካሪው መንገዱን በዳሳሾች እያነበበ በመሬት ላይ ከእግረኞች መካከል ነው የሄደው፤ ምድር ቤት አላስፈለገውም።