ራት ሳትበሉ አልጋ አትፈልጉ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ እንዲህ ይላል፤ «እኔና እጮኛዬ በመኪና ናይሮቢ ልንሄድ ነው። መንገድ ላይ አንድ ሌሊት ኬንያ ውስጥ እናድራለን። የሁለታችንም ሆድ ቶሎ ይረበሻል። ምን ብንበላ ይሻላል? ስሜ ይቆይ።»

ስምህ ይቆይልህ ወንድሜ፤ ጥያቄህ ግን የሚቆይ አይደለም። ብዙ ሰው «መንገድ ላይ ነኝ፣ ያገኘሁትን ቀምሼ እተኛለሁ» ይላል። እኔም እንደዚያ ባይ ነበርኩ። በነሐሴ 2011 ዓ.ም አክስቴን ይዤ ያንኑ መንገድ እስክሄድ ድረስ!

የአክስቴ ልጅ ናይሮቢ ወልዳ ነበር። አክስቴ ስልሳ አልፏቸዋል፣ ስኳር አለባቸው፣ አይሮፕላን ደግሞ ሞቼ እገኛለሁ ይላሉ። ስለዚህ በአውቶቡስ ሆነ። ለአራሷ የገንፎ ዱቄት፣ በርበሬ፣ ሽሮ፤ ለመንገድ በሶና ዳቦ ቆሎ… ተሸካሚው እኔ ስለነበርኩ ክብደቱን ዛሬም አልረሳሁትም።

ሞያሌን ተሻግረን የኬንያውን አውቶቡስ የያዝነው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ ናይሮቢ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። መንገዱ አስፋልት ቢሆንም አክስቴ በአንድ ጊዜ አይችሉትም ብዬ ማርሳቢት ልናድር ተስማማን። ከሞያሌ 250 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።

ጊዜው ጾመ ፍልሰታ ነበር። አክስቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። የንስሐ አባታቸው ለሕመማቸው ብለው ፈቅደውላቸዋል፤ እምቢ ያሉት ራሳቸው ናቸው። የስኳር ኪኒናቸውን ግን ጠዋት ውጠዋል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አውቶቡሱ በረሃ መሀል ይበራል፤ ዳቦ ቆሎው ደግሞ ከሻንጣው ጋር ጣሪያ ላይ ታስሯል። ማን አሰረው? እኔ! «ስንደርስ እበላለሁ፣ አትጨነቅ» አሉኝ። አልተጨነቅኩም።

ማርሳቢት በረሃ መሀል ብቻውን በቆመ ተራራ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከዚያ ሁሉ ሙቀት ወጥታችሁ በአንዴ ጉምና ብርድ ውስጥ ትገባላችሁ። ከአውቶቡስ እንደወረድን መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ አልጋ ነው። አንዱን ቤት ጠየቅሁ፣ ተወደደብኝ። ሁለተኛውን አየሁ፣ አልወደድኩትም። ሦስተኛው ጋ ሁለት መቶ ሽልንግ አስቀነስኩና ጀግና የሆንኩ መሰለኝ። ቀጥሎ ምግብ ቤት… እሱንም ማማረጥ ጀመርኩ። አክስቴ ዝም ብለው ይከተሉኛል።

«እቴቴ፣ ደከመዎት እንዴ?»

«አልደከመኝም። ቤቱ የት ነው?»

የትኛው ቤት? ዞር ብዬ ሳያቸው በዚያ ብርድ ግንባራቸው በላብ ርሷል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። አጠገባችን ወዳለው ምግብ ቤት ደግፌ አስገባኋቸውና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬን ማዝነብ ያዝኩ። የቤቱ እመቤት ግራ ገብቷት ታየኛለች። አክስቴ ያደጉት ነገሌ ቦረና ነው። በዚያ ሁሉ መደናገር ውስጥ ከአፋቸው የወጣው አማርኛ ሳይሆን ኦሮምኛ ነበር። ሴትየዋ ለካ ቦረና ናት! ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ቀይ ሻይ በቀዝቃዛ ውኃ አበረደች፣ ስኳር በማንኪያ ደጋግማ ጨመረችበት፣ ራሷ ይዛ አጠጣቻቸው።

ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ አክስቴ ቀና ብለው «ይሄ ሻይ ወተት የለበትም አይደል?» ሲሉ ነፍሴ ተመለሰች።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና፣ ስኳር ያለበት ሰው ይዛችሁ የምትጓዙ ልብ በሉ። ኢንሱሊን ወይም አንዳንዱን ኪኒን ወስዶ ሳይበላ የቆየ ሰው የደሙ ስኳር ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ የተምታታ ንግግር ምልክቶቹ ናቸው። ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ ስጡት፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ካልተሻለው ድገሙት። ሲሻለው ደህና አድርጎ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትስጡ፤ ሐኪም ቤት ነው። ደግሞ ስኳሩን እንደ እኔ ጣሪያ ላይ አትሰሩት፣ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን። ጾም ያለበት ሰው መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድ ሐኪሙን ቀድሞ ይጠይቅ።

እሺ፣ ወደ ምግቡ። በኬንያ «ሆቴሊ» የሚለው ጽሑፍ አልጋ አለ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ምግብ ቤት ማለት ነው። ሰው የበዛበትን ምረጡ፤ ሰው የሚበዛበት ቤት ድስቱ ቶሎ ያልቃል፣ የትናንት ምግብ አያድርበትም። ድስቱ ሲጨስ ማየት አለባችሁ። ትኩስ ያልሆነውን «አሙቁልኝ» በሉ እንጂ ይሉኝታ አይያዛችሁ።

ለጾመኛ ኬንያ አገሩ ነው ማለት ይቻላል። ቻፓቲ በዘይት የተጋገረ፣ የተነባበረ ቂጣ ነው። ንዴንጉ የኛው ማሾ፣ ማሃራጉዌ ቦሎቄ ነው። ጊዜሪ በቆሎና ቦሎቄ አብሮ የተቀቀለ፣ ንፍሮ በሉት። ሱኩማ ዊኪ ጎመን ነው፤ ስሙ «ሳምንቱን ግፋው» ማለት ነው አሉ፣ ኪስ ሲሳሳ የሚያሻግር ለማለት። ኡጋሊ ደግሞ የበቆሎ ገንፎ ሲሆን ጨው የለውም፣ መሀሉም ቅቤ የለውም! በእጅ ቆረስ፣ ጠቅለል አድርጎ በወጥ መብላት ነው። ወጡ ግን አንዳንዴ በሥጋ መረቅ ይሠራልና «ቢላ ኛማ» በሉ፤ ያለ ሥጋ ማለት ነው። ሻይም ከወተትና ከስኳር ጋር አብሮ ፈልቶ ነው የሚመጣው፤ ቀይ ሻይ የፈለገ «ቻይ ያ ራንጊ» ይበል፣ ስኳር የማይፈልግም ቀድሞ ይናገር።

ሥጋ ለምትበሉት ኛማ ቾማ አለ፣ በኪሎ ተመዝኖ የሚጠበስ። ጥሩ ነው፤ ግን እስኪበስል ጊዜ ይወስዳል፣ እናንተም ተርባችኋል፣ ነገ ደግሞ ሙሉ ቀን መቀመጥ አለ። በዚያ አካባቢ ያሉት ቤቶች ብዙዎቹ የሙስሊም ናቸው። ክርስቲያን ሆናችሁ የሙስሊም ሥጋ የማትበሉ ከሆነ ቻፓቲና ንዴንጉ እዘዙና በሰላም ብሉ፤ ገበታ ላይ የሃይማኖት ክርክር መክፈት ባለጌነት ነው።

ሆዳችን ይረበሻል ላላችሁት፣ ካቹምባሪ የሚሉትን ጥሬ የቲማቲምና የሽንኩርት ሰላጣ ለናይሮቢ አቆዩት። ውኃ ክዳኑ ያልተከፈተ ይሁን። ፍራፍሬ ሙዝ ይበቃል፣ ልጣጩን ራሳችሁ ላጡ።

ሰዓት ላይ ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለ። ስዋሂሊ እንደኛ ነው የሚቆጥረው፤ «ሳ ሞጃ» አንድ ሰዓት ነው፣ በፈረንጅ ሰባት። በእንግሊዝኛ ካወራችሁ ግን በፈረንጅ ቆጣጠር ነውና አውቶቡስ እንዳያመልጣችሁ። ራታችሁን አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ጨርሱ፤ ትንሽ ከተማ ውስጥ ሲመሽ የሚተርፈው የድስት ቂጥ ነው።

ብራችሁን ድንበሩ ላይ ዘርዝሩ፤ ዝርዝር ሽልንግም ያዙ። እነሱ በኤምፔሳ ከ1999 ዓ.ም ጀምሮ ለምደዋል፣ ሁሉም በስልኩ ይከፍላል፤ ትልቅ ኖት ይዞ የሚመጣ እንግዳ መልስ ፍለጋ ያስሮጣል። ስንቃችሁን ደግሞ በፌስታል እንዳትቋጥሩ! ኬንያ ከነሐሴ 2009 ዓ.ም ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች። የጨርቅ ከረጢት ወይም ክዳን ያለው ሳህን ይሻላል።

አክስቴ ያን ምሽት ሁለት ቻፓቲ ከንዴንጉ ጋር በሉ። ከሴትየዋ ጋር ስለ ከብትና ስለ ዝናብ ሲያወሩ አመሹ፤ እኔ አንዳቸውም ሳያናግሩኝ ግድግዳ ሳይ ቆየሁ። ሂሳቡ ሲመጣ ሻይዋን አላስከፈለችንም። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ሦስት ቻፓቲ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችን፤ እነሱን ጣሪያ ላይ አላሰርኳቸውም፣ ጭኔ ላይ ይዣቸው ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ አክስቴ ስለ ማታው ጉዳይ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ይቅር ያሉኝ መስሎኝ ነበር። ናይሮቢ ገብተን ልጃቸው በሩን ስትከፍት፣ ገና ሳይሳሳሙ፣ «ይሄ ወንድምሽ ለሁለት መቶ ሽልንግ ብሎ ሊቀብረኝ ነበር» አሏት።