ከአምቦ እስከ ሪያድ፦ የስደት ገንዘብ በማን ስም ይቀመጥ?

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው አምቦ በማዕድን ውኃዋና በዩኒቨርሲቲዋ ትታወቃለች። ከእርሷ ወዲህና ወዲያ በዚያው ጎዳና ላይ የተሰለፉት ጊንጪ፣ ጉደር፣ ጌዶና ባኮ ደግሞ የምዕራብ ሸዋ አርሶ አደር ምርቱን የሚያወጣባቸው የገበያ ከተሞች ናቸው። ዛሬ በእነዚህ ከተሞች ባንኮች መስኮት ፊት የሚቆመው የእህል ነጋዴ ብቻ አይደለም። ከአረብ ሀገር ልጃቸው የላከችላቸውን ገንዘብ የሚቀበሉ ወላጆችም ከሰልፈኞቹ መካከል ናቸው።

ለረጅም ጊዜ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ስለ ቪዛ፣ ስለ ቲኬትና ስለ ደመወዝ አብዝቶ ይጠይቃል። የሚያገኘው ገንዘብ የት፣ በምን ዓይነት ገንዘብና በማን ስም እንደሚቀመጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከመመለሻው ዋዜማ ነው። ያለፉት ዓመታት ተሞክሮ እንደሚያሳየው የዓመታት ልፋትን ዕጣ የሚወስነው ይህ ዘግይቶ የሚነሣ ጥያቄ ነው።

የምንዛሪ ለውጡ ያሳየው

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ በባንኮች 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በዚያው ዕለት ወደ 74 ብር ተሻገረ። በጥቂት ወራት ውስጥም ከ120 ብር በላይ ሆነ።

ትርጉሙን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ሪያድ በቤት ሠራተኝነት የተቀጠረች አንዲት የጉደር ልጅ አለች እንበል። በወር 1 ሺህ የሳዑዲ ሪያል ታገኛለች፤ የሪያል ተመን ከዶላር ጋር የተቆራኘ በመሆኑ ይህ 266 ዶላር ገደማ ነው። ምግብና መኝታዋ በአሠሪዋ ስለሚሸፈን በየወሩ 200 ዶላር ብትቆጥብ በሁለት ዓመት 4 ሺህ 800 ዶላር ይኖራታል። ገንዘቡ ከለውጡ በፊት በባንክ ተመንዝሮ በብር ከተቀመጠ 273 ሺህ 600 ብር ይሆናል። ዶላሩ 125 ብር ሲገባ ያው ብር ተመልሶ ቢመነዘር ከ2 ሺህ 200 ዶላር አይበልጥም። ከቁጠባዋ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የውጭ ዋጋ ማንም ሳይሰርቃት ጠፋ ማለት ነው።

በሀገር ውስጥ የዋጋ መለኪያም ቢሆን ውጤቱ አያጽናናም። የባንኮች ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ሆኖ ሳለ በ2014 ዓ.ም. ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር።

ከዚህ የመጠበቂያው መንገድ አዲስ አይደለም። በውጭ የሚኖሩና የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን በሀገር ውስጥ ባንኮች የዲያስፖራ የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ መክፈት ከቻሉ ሁለት አሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል። የ2016ቱ መመሪያ ደግሞ ከውጭ ገንዘብ የሚላክላቸው የሀገር ውስጥ ነዋሪዎችም የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ እንዲኖራቸው ፈቅዷል። ይሁንና «ዲያስፖራ» የሚለው ቃል በብዙዎች ጆሮ የአሜሪካና የአውሮፓ ነዋሪን ብቻ ያመለክታል። በጅዳ ወይም በአማን ቤት የምታጸዳ ሴትም የዚሁ መብት ባለቤት መሆኗን የሚነግራት ሰው ጥቂት ነው።

በሰው እጅ ያለ ገንዘብ

ሁለተኛው አደጋ ገንዘቡ በራስ ስም አለመሆኑ ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ በጥድፊያ ሲመለሱ ብዙዎቹ ያልተከፈለ ደመወዛቸውንና ንብረታቸውን ትተው ነበር የመጡት። በአሠሪ እጅ «ይቀመጥልኝ» የተባለ ደመወዝ፣ ሰውየው አንድ ጊዜ ከሀገር ከወጣ በኋላ የሚጠየቅበት መንገድ ጠባብ ነው።

የሊባኖስ ተሞክሮም ሌላ ትምህርት ሰጥቷል። ለረጅም ዓመታት በ1 ሺህ 500 ገደማ ለአንድ ዶላር ጸንቶ የቆየው የሊባኖስ ገንዘብ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሲንኮታኮት አሠሪዎች ደመወዝ መክፈል አቃታቸው። በዚያው ዓመት ማብቂያ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች በቤሩት የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ተጥለው መታየታቸው ይታወሳል። ስለዚህ ቁጠባን በሚሠሩበት ሀገር ገንዘብ ማቆየትም ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

በሀገር ቤት በኩል ደግሞ ገንዘቡ የሚላከው በወንድም፣ በእህት ወይም በባል ስም በተከፈተ ሂሳብ ነው። «ሰማይ ሩቅ፣ አደራ ጥብቅ» እንዲሉ፣ አደራው በአብዛኛው ይጠበቃል። ችግሩ የሚመጣው ከክፋት ይልቅ ከኑሮ ነው። ሕመም፣ ለቅሶ፣ የትምህርት ወጪና የማዳበሪያ ዕዳ በመጡ ቁጥር ለዕለት ጉርስ የተላከውና ለነገ የታሰበው ሳይለዩ አብረው ያልቃሉ። ተመላሿ ስትጠይቅ የሚነሣው ጠብም ቤተሰብን ለዓመታት ያራርቃል። በሕግ ፊት የሂሳቡ ባለቤት ስሙ የሰፈረው ሰው በመሆኑ የላከችው ልጅ የምታቀርበው ማስረጃ የሐዋላ ደረሰኝ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ደመወዝ በካርድ

በሌላ በኩል የአከፋፈል ሥርዓቱ እየተለወጠ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ የቤት ሠራተኞች ደመወዝ «ሙሳነድ» ከተሰኘው መድረክ ጋር በተሳሰሩ ባንኮችና የዲጂታል ቦርሳዎች እንዲከፈል ከሰኔ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአዳዲስ ውሎች ላይ ተግባራዊ አድርጋለች። አሠራሩ በደረጃ እየሰፋ በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ሁሉንም አሠሪዎች እንዲያካትት ተወስኗል። ሠራተኛዋ በስሟ ካርድ ይኖራታል፤ ደመወዝ ሳይከፈል ሲቀርም መዝገቡ ይመሰክራል። ካርዱንና የሚስጥር ቁጥሩን ለአሠሪ ወይም ለጓደኛ አሳልፎ መስጠት ግን ይህን ጥበቃ ከንቱ ያደርገዋል። በሕጋዊ መንገድ ያልሄደ ሰው ደግሞ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ ከሌለ የባንክ ሂሳብም የለምና።

ከዚህ ይዘውት የሚሄዱት ካርድስ? በብር ሂሳብ ላይ የተሰጠ የኤቲኤም ካርድ በሀገር ውስጥ እንጂ በውጭ ለመገበያየት አያገለግልም። በውጭ የሚሠራው በውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ላይ የተሰጠ ወይም አስቀድሞ ምንዛሪ የተሞላበት ዓለም አቀፍ ካርድ ነው። ይህ ከአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ለከፍተኛ ትምህርት የሚሄዱትንም ይመለከታል። የሪዮ ኦሎምፒክ የብር ሜዳሊያ ባለቤት ፈይሳ ሌሊሳ ከተወለደባት ከጀልዱ አካባቢ ተነሥተው የሽልማት ገንዘባቸውን በውጭ ለሚያገኙ ሯጮችም ጉዳዩ ያው ነው።

ከጉዞ በፊት የሚያልቁ ሥራዎች

ከሁሉ በፊት የስም ጉዳይ አለ። በኦሮሚያ ከተሞች መታወቂያ ላይ ስም በቁቤ ይጻፋል፤ በፓስፖርት ላይ ግን ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይሰፍራል። «ጫላ» በቁቤ በ«ሲ» ሲጀምር በፓስፖርት «ሲ ኤች» ይሆናል፤ «ጥላሁን» በአንዱ በ«ኤክስ»፣ በሌላው በ«ቲ» ይጻፋል። ለሰው አንድ የሆነው ስም ለባንክ ኮምፒውተር ሁለት ሰው ነው፤ የተላከ ገንዘብም በዚህ ሳቢያ ሊታገድ ይችላል። ባንኮች የፋይዳ መታወቂያን ለሂሳብ መክፈቻ መጠየቅ በጀመሩበት በዚህ ወቅት የፓስፖርቱ፣ የፋይዳውና የሂሳቡ አጻጻፍ አንድ መሆኑን እዚሁ ሆኖ ማረጋገጥ ከሪያድ ሆኖ ከማስተካከል እጅግ ይቀላል።

ቀጥሎ የስልክ ቁጥር ይመጣል። የባንክ መተግበሪያዎች የማረጋገጫ ኮድ የሚልኩት በተመዘገበው ቁጥር ነው። ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበት ሲም ካርድ ሊዘጋ፣ ቁጥሩም ለሌላ ደንበኛ ሊተላለፍ ስለሚችል ከመሄድ በፊት ባንኩ የውጭ ሀገር ቁጥር ይቀበል እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሌላው ውክልና ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ የሚበቃ ሲሆን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ ለወንድም የሚሰጠው ሥልጣን ገንዘብ ለማስገባት ነው፣ ለማውጣት ነው ወይስ ቤት ለመግዛት የሚለው በሰነዱ ላይ ተለይቶ መጻፍ አለበት። ሰነድ የካርድና የሚስጥር ቁጥር ርክክብ የማይሰጠውን ጥበቃ ይሰጣል፤ ሲያስፈልግም ይሻራል።

ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ግን ሁለቱን ገንዘቦች መለየት ነው። ለወላጅ መጦሪያ የሚላከው በየወሩ በሐዋላ ወይም በቴሌብር ይሂድ፤ እርሱ ስጦታ ነው፣ አይቆጠርም። ለነገ የታሰበው ደግሞ በላኪዋ ስም በተከፈተ የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ይቀመጥ። በዚህ ጊዜ ቤተሰቡ ከአደራ ሸክም ነፃ ይሆናል፤ ልጅቷም ስትመለስ ወንድሟን ሂሳብ ከመጠየቅ ትድናለች።

መብቱ በመመሪያ ላይ ሠፍሯል፣ ባንኮችም አገልግሎቱን ይሰጣሉ። የቀረው መረጃውን ወደ ተጓዥዋ ማድረስ ነው። ወደ ውጭ ለሥራ የሚሄዱ ዜጎች ከጉዞ በፊት በሚያገኙት ሥልጠና ውስጥ ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽንና ስለ ወጥ ቤት ዕቃ አጠቃቀም የሚሰጠውን ያህል ጊዜ ለባንክ ሂሳብም ቢሰጥ፣ የጉደሯ ልጅ የሁለት ዓመት ድካሟን ይዛ የመመለስ ዕድሏ ይሰፋል።