ስሌት ቤተ ሙከራን አይተካም

ከአርባ ምንጭ አካባቢ በጥሬው ተቆርጦ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዘውን ሙዝ በተዘጋ ክፍል በላምባ ጭስ ማብሰል የቆየ ልማድ ነው። ከጭሱ ውስጥ ፍሬውን በዋናነት የሚያበስለው ኤትሊን የተባለው ጋዝ ሲሆን፣ ይህንኑ ጋዝ እፅዋት ራሳቸው እንደ ሆርሞን ያመነጩታል። አመራረቱን መረዳት፣ ምርቱ ገበያ ሳይደርስ ለሚበላሽበት አገር የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

ጋዙን የሚሠራው ኤሲሲ ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። በመሃሉ የብረት አተም አለው። ኤሲሲ የተባለውን ሞለኪውል በኦክስጅንና በቫይታሚን ሲ ታግዞ ሲሰነጥቀው ኤትሊን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሃይድሮጅን ሳያናይድ ይወጣሉ። መርዘኛውን ሳያናይድ ተክሉ በሌላ ኢንዛይም ያመክነዋል። ኢንዛይሙ በሚገባ እንዲሠራ ባይካርቦኔትም ያስፈልገዋል፤ የባይካርቦኔት ትክክለኛ ሚና ግን እስካሁን ያከራክራል።

በመካከል የሚፈጠሩት ሞለኪውሎች ዕድሜያቸው እጅግ አጭር ስለሆነ ተመራማሪዎች ወደ ኮምፒውተር ይዞራሉ። የብረቱን አካባቢ በኳንተም መካኒክስ፣ የቀረውን ፕሮቲን ደግሞ በቀለለ ስሌት ያሰላሉ፤ ከዚያም የትኛው መንገድ አነስተኛ ጉልበት እንደሚጠይቅ ያነጻጽራሉ።

ከዚህ ተነሥተው «ስሌት ቤተ ሙከራ አይፈልግም፤ የውጭ ምንዛሪ ላጠረው አገር የሚስማማው እርሱ ነው» የሚሉ ወገኖች አሉ። ሐሳቡ ግማሽ እውነት ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነውን የፔቱኒያ ኢንዛይም ቅርጽ ዛሬ ማንም ሰው ከሕዝብ የመረጃ ቋት ያለ ክፍያ ማውረድ ይችላል። ነገር ግን ያ ቅርጽ የተገኘው ፕሮቲኑን አጥርተው፣ ክሪስታል አድርገው፣ በኤክስሬይ በመረመሩ እጆች ነው። በተጨማሪም ብረት ለስሌት አስቸጋሪ ነው፤ የተለያዩ ዘዴዎች የተለያየ መልስ ሊሰጡ ይችላሉ። በመካከላቸው የሚዳኘው ሙከራ ብቻ ነው።

ቤተ ሙከራ ውድ መሆኑን አልክድም። ሆኖም ኤትሊንን የሚለካው ጋዝ ክሮማቶግራፍ ለምግብ፣ ለነዳጅና ለአካባቢ ምርመራም የሚውል የተለመደ መሣሪያ ነው፤ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ስለዚህ ለስሌት ሥልጠና ገንዘብ የምናዋጣ፣ ምክርም የምንሰጥ ሁሉ አንድ ቅድመ ሁኔታ እናስቀምጥ፦ እያንዳንዱ የስሌት ተማሪ ግምቱን የሚፈትንለት የቤተ ሙከራ ባልደረባ ይኑረው። አለበለዚያ ልጆቻችን ሌሎች በለኩት ላይ ሲያሰሉ ይኖራሉ፤ የአርባ ምንጩን ሙዝ ግን የሚለካው አይኖርም።