ፓስታውን ተዉት፣ ዳቦውን አንሱ

ካሎሪ የለውም ለማለት ጥቂት የሚቀረው የጃፓን ኑድል፣ ሺራታኪ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ሱፐርማርኬቶች የፓስታ ምትክ ተብሎ ይሸጣል። አንዱ አምራች እንዲያውም ትርጉሙ "ተአምረኛው ኑድል" የሆነ ስም ነው የሰጠው። የማቅጠኛ ምክር ደግሞ ቪዛ አይጠይቅም፤ ስልክ ያለበት ሁሉ ይደርሳል፣ ሶዶም ሻንቶም። ቪዲዮውን ያየ ሰው የሚጠይቀው "እዚህ የት ይገኛል?" ብሎ ነው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ምን ሊሠራልን?

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ነገርዬው መርዝ አይደለም፤ ማጭበርበሪያም አይደለም። ግን እኛ ሳህን ላይ ለሌለ ችግር የተሠራ መፍትሔ ነው። እኛ ሳህን ላይ ያለው ችግር ፓስታው አይደለም። ችግሩ ከፓስታው ጋር የሚመጣው ዳቦ፣ ፓስታው የሚዋኝበት ዘይት እና ከአጠገቡ የጠፋው ጎመንና ጥራጥሬ ነው።

መጀመሪያ እንተዋወቀው። ሺራታኪ የሚሠራው ኮንጃክ ከሚባል ተክል ሥር ነው። ሥሩ ደርቆ ይፈጫል፤ ዱቄቱ በውኃ ይበጠበጣል፤ ትንሽ ኖራ ሲጨመርበት ይረጋል፤ ከዚያ እንደ ክር ተደርጎ ይቀቀላል። የሚወጣው ነገር 97 ከመቶ ገደማው ውኃ ነው። የቀረው ግሉኮማናን የሚባል ፋይበር ነው፤ ሆዳችን ሊፈጨው አይችልም። 100 ግራሙ 10 ካሎሪ ቢኖረው ነው። ተአምሩ ይኸው ነው፦ የረጋ ውኃ።

አሁን የሚያስቀው ነገር መጣ። ኮንጃክ የጎደሬ ዘመድ ነው። የዕፅዋት ሳይንስ ሁለቱን የሚመድባቸው አንድ ቤተሰብ ውስጥ ነው። አዎ፣ ሻንቶ ገበያ የሚሸጠው ያው ጎደሬ፤ ብዙም የማይርቀው የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል "ቦሎሶ 1" የሚል ዝርያ ያወጣለት ጎደሬ። ከተማ ስንገባ "የድሃ ምግብ" ብለን ያፈርንበትን ሥር፣ የሩቅ ዘመዱ ጉልበቱ ወጥቶለት፣ በላስቲክ ታሽጎ፣ በዶላር ሲመጣ ልንሰለፍለት ነው።

ጃፓኖች ኮንጃክን ለብዙ መቶ ዓመታት በልተውታል። ዛሬም ከአገሪቱ ምርት ከ90 ከመቶ በላይ የሚሆነው የሚመጣው ጉንማ ከተባለ አንድ ግዛት ነው። ግን ስፓጌቲን እንዲተካላቸው ብለው አልጀመሩትም። መረቅ ውስጥ ቀቅለው፣ ከሌላ ምግብ ጋር፣ በራሱ ስም በሉት። "የፓስታ ምትክ" የሚለው ማዕረግ የተሰጠው ሌላ አገር፣ ሌላ ገበያ ላይ ነው፤ ምግብ የተትረፈረፈበት ገበያ ላይ።

እሺ፣ ወደ ሂሳቡ እንሂድ። ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው። በእኛ ሙያ አንድ ፕሮግራም ሲንቀራፈፍ፣ የቱ ክፍል ጊዜውን እየበላ እንደሆነ ሳይለኩ መነካካት ነውር ነው። ሳህኑንም እንለካው። አንድ የምግብ ቤት ፓስታ በስጎ እንውሰድ፤ መጠኑ ግምት ነው፣ ቤታችሁ ያለውን በራሳችሁ ሚዛን አስተካክሉት። 120 ግራም ደረቅ ፓስታ 430 ካሎሪ ገደማ ነው። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት 360። አጠገቡ የሚቀመጠው 100 ግራም ዳቦ 260። ድምሩ 1050። ከዚህ ውስጥ የፓስታው ድርሻ 430 ብቻ ነው፤ ዘይቱና ዳቦው 620 ይዘዋል።

አሁን ፓስታውን አውጡና ኑድሉን አስገቡ። 620ው ንቅንቅ አላለም። ፓስታው ይዞት የነበረው 15 ግራም ገደማ ፕሮቲን ግን ሄዷል። ውኃ በልቶ የተነሳ ሰው ደግሞ ከሁለት ሰዓት በኋላ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ ሻይ በዳቦ ያዛል።

በሌላ በኩል ዳቦውን ብቻ መልሱ። 260 ካሎሪ፣ ያለ አንዲት ሳንቲም ወጪ፣ ያለ ዶላር፣ ያለ ቪዲዮ ቀነሰ። ፓስታ በዳቦ ማለት ስንዴን በስንዴ መብላት ነው። ፓስታ በእንጀራም ያው ነው፤ የእኛው ፈጠራ ስለሆነ ብንወደውም ሂሳቡ አይለወጥም።

"ስኳር ያለበት ሰውስ?" የሚል ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ግሉኮማናንም ባዶ ወሬ አይደለም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ክብደት ለመቀነስ እንደሚረዳ ተቀብሏል። ግን በምን ሁኔታ? በቀን 3 ግራም፣ ለሦስት ተከፍሎ፣ ከምግብ በፊት፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ብርጭቆ ውኃ ጋር፣ ያውም አጠቃላይ የምግቡን ጉልበት ለሚቀንስ ሰው። የመጨረሻዋን ሐረግ ቪዲዮው አይነግራችሁም። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ኑድሉን የሚበላ ሰው ካለ ይብላ፤ ክርክሬ ከእሱ ጋር አይደለም። ግን ለእሱም ቢሆን 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 116 ካሎሪ፣ 9 ግራም ፕሮቲንና 8 ግራም ገደማ ፋይበር ይዞ የሰፈር ሱቅ ውስጥ ተቀምጧል። ማንም "ተአምረኛ" ብሎት አያውቅም።

ከሂሳቡ በላይ የሚከነክነኝ ግን ቃሉ ነው። "ካሎሪ" ስድብ እየሆነ ነው። ካሎሪ ማለት እኮ ጉልበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 22 ከመቶው ከሚገባው በላይ የቀጠኑ ነበሩ። ክብደታቸው ከልክ ያለፈው 8 ከመቶ ነበሩ። ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች ደግሞ 38 ከመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ቁጥሩ በተገለበጠበት አገር የተሠራ ማስታወቂያ እዚህ ሲደርስ፣ የሚያገኛት አብዛኛውን ጊዜ መቀነስ የማያስፈልጋትን ልጅ ነው። ቁርሷን ዘላ ውላ "ዳይት ላይ ነኝ" የምትለዋን።

ወላይታ ይህን ከማንም በላይ ማወቅ አለበት። በ2000 ዓ.ም. የበልግ ዝናብ ከሽፎ ስኳር ድንቹ ሲጠፋ፣ ማሳው አረንጓዴ ሆኖ እየታየ ሰው ተርቧል፤ "አረንጓዴ ረሃብ" የሚለው ስም ከዚህ አካባቢ ጋር የተያያዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ በፊትም፣ እ.ኤ.አ. በ2000 መገባደጃ፣ ከወላይታ ጋር በሚዋሰነው የሀዲያው በደዋቾ ወረዳ፣ በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት ተኝተው ሳይሆን ቤታቸው ሆነው፣ ለመብላት በተዘጋጀ ገንቢ ምግብ ታክመዋል፤ በዓለም ደረጃ ከቀዳሚዎቹ ሙከራዎች አንዱ ነበር። ዛሬ በየጤና ጣቢያው የሚሰጠውን ፕላምፒ ነት ታውቁታላችሁ። አንዷ እሽግ 92 ግራም ነች፤ 500 ካሎሪ ይዛለች። 200 ግራም የሚመዝን የኑድል እሽግ 20 ካሎሪ ይዟል። አንደኛው እሽግ ልጅ ያድናል፤ ሁለተኛው ምንም እንዳልያዘ ይፎክራል።

"ሌላው ስለተራበ አንተ ወፍር" እያልኩ አይደለም። ከተማ ውስጥ ክብደት፣ ስኳርና የደም ግፊት እውነተኛ ጣጣ ናቸው። የምለው፣ የሚያስፈልገን ጉልበቱን ከምግቡ እያወጣን መጣል ሳይሆን ሳህኑ ላይ ያለውን ድርሻ ማስተካከል ነው።

ሌላኛውንም ወገን ልንካ። "ኑድሉን ተዉት፣ የእኛው ቡላ ያቀጥናል፣ ጎደሬ ያቀጥናል" የሚሉ አሉ። ይሄም አይሆንም። ቡላ ስታርች ነው በቃ፤ ከነቅቤው ሲሆን ደግሞ ጭራሽ አይወራ። 100 ግራም የተቀቀለ ጎደሬ 140 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ያንኑ ያህል የተቀቀለ ፓስታ 155 ገደማ። ልዩነቱ ኢምንት ነው። ጎደሬ በፋይበር ይበልጣል፤ 5 ግራም ገደማ አለው፣ ፓስታው 2 እንኳ አይሞላም። በፕሮቲን ግን ጎደሬ ግማሽ ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ከጎመንና ከቦሎቄ ጋር ሲቀርብ ነው ሙሉ ምግብ የሚሆነው። ጎደሬ ክብር የሚገባው ምግብ ስለሆነ ነው እንጂ ስለሚያቀጥን አይደለም። ለአገር ምግብ መቆርቆር ሌላ፣ በአገር ምግብ ስም ሌላ ተአምር መሸጥ ሌላ።

ታዲያ ፓስታ የሚወድ ሰው ምን ያድርግ? ጥቅል ጎመን ይግዛ። በቀጭኑ፣ በረጅሙ፣ እንደ ፓስታው አድርጎ ይክተፈው። ፓስታው ሊወጣ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው እዚያው ድስት ውስጥ ይጨምረው፤ ለስለስ ይላል፣ ግን አይፈርስም። ጎመኑ በ100 ግራም 25 ካሎሪ ነው። ስጎውን በምስር ያብዛው። ዘይቱን ከጠርሙሱ አያንቆርቁር፤ በማንኪያ ይለካ።

ደምሩት። 60 ግራም ደረቅ ፓስታ 215፣ 200 ግራም ጥቅል ጎመን 50፣ 150 ግራም የተቀቀለ ምስር 175፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120። ጠቅላላው 560 ካሎሪ ነው፤ ከቅድሙ ሳህን ግማሽ ያህል። ፕሮቲኑ ከ20 ግራም በላይ ነው። ሆድ ይሞላል፤ ፓስታውም ፓስታ ነው። ለጾምም ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ሻንቶ ገበያና ሱቅ የማይገኝ ነገር ካለ ንገሩኝ።

ከዚህ በኋላም ሌላ እሽግ ይመጣል፤ ሌላ ሥር፣ ሌላ ተአምር። ሲመጣ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ያለ እሽጉ ሳህናችሁን ደምሩት። እስከዚያው ግን አስተናጋጁ ፓስታውን ይዞ ሲመጣ አንድ ነገር በሉት፦ "ወንድሜ፣ ዳቦውን መልሰው፤ ጎመን ካለ ጨምርልኝ።"