የገጹ ሸክም በማን ስልክ ላይ ነው?

ትዊተር እ.ኤ.አ. በ2010 ድረ ገጹን እንደ አዲስ ሲሠራ፣ ገጽ የማዘጋጀቱን ሥራ ከራሱ ሰርቨሮች አንሥቶ ወደ አንባቢው ብራውዘር አዛወረው። በሜይ 2012 መልሶ ወሰደው። ኩባንያው ዋና መለኪያ ያደረገው ሰው ወደ ገጹ ከገባበት ቅጽበት አንሥቶ የመጀመሪያውን ትዊት እስኪያይ ያለውን ጊዜ ነበር። ሥራው ወደ ሰርቨር ሲመለስ ገጹ ለመከፈት የሚፈጅበት ጊዜ ወደ ቀድሞው አንድ አምስተኛ ወረደ።

የቀድሞው ዝግታ ምክንያት አድራሻው ላይ ይታይ ነበር። የዚያን ጊዜ የትዊተር አድራሻዎች መሐላቸው ላይ የሃሽ ምልክትና ቃለ አጋኖ ነበራቸው። ብራውዘር ከሃሽ ምልክት በኋላ ያለውን ክፍል ለራሱ ያስቀራል እንጂ ወደ ሰርቨር አይልክም። ስለዚህ ሰርቨሩ የተፈለገው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ባዶ ቅርፊት ይልካል። ብራውዘሩ ገጹን የሚያዘጋጀውን ኮድ፣ ጃቫስክሪፕቱን፣ ያወርዳል፣ ያስኬዳል፣ አድራሻውን መልሶ ያነባል፤ ከዚያ በኋላ ነው «የእገሌን ትዊት ስጠኝ» ብሎ እንደገና የሚጠይቀው። መቶ አርባ ፊደል ለማንበብ ይህ ሁሉ ምልልስ! ጎከር የተባለው የሚዲያ ኩባንያ ድረ ገጾችም በፌብሩዋሪ 2011 ይህንኑ መንገድ በያዙ ሰሞን አንድ የጃቫስክሪፕት ብልሽት ገጾቻቸውን ባዶ አድርጎባቸው ነበር።

ባለሙያዎች ይህን ጉዳይ እንደ ስልት ምርጫ ያወሩታል። ለእኔ ግን ጥያቄው ማን ይክፈል ነው። ሰርቨር ላይ የሚሠራው ሥራ የድርጅቱን ማሽንና መብራት ይበላል፤ ብራውዘር ላይ የሚሠራው የተጠቃሚውን ባትሪ፣ የዳታ ፓኬጅና ትዕግሥት። ገንቢው በውድ ላፕቶፕና በቢሮ ዋይፋይ ስለሚሞክረው ሂሳቡ ለእሱ አይመጣም። ይህ ጽሑፍ፣ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት እየያዘ እንኳ፣ ከ15 ኪሎባይት አይበልጥም። ይህን ያህሏን ጽሑፍ ለማሳየት በመቶዎች ኪሎባይት የሚቆጠር ኮድ የሚያስወርድ ገጽ ግን ብርቅ አይደለም።

«ጃቫስክሪፕት የማይሠራለት ሰው ዛሬ የት አለ?» የሚል አይጠፋም። የብሪታንያ መንግሥት ፖርታል ጎቭ ዩኬ በ2013 ይህንኑ ለክቶት ነበር፤ ከጎብኚዎቹ 1.1 በመቶ ለሚሆኑት ጃቫስክሪፕቱ አልሠራም። ብራውዘራቸው የማይችለው ወይም ራሳቸው ያጠፉት 0.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት 0.9 በመቶ ሊሠራላቸው ሲገባ ያልሠራላቸው ናቸው። መስመር ተቆርጦ ሊሆን ይችላል፣ የቢሮ ፋየርዎል ከልክሎ ሊሆን ይችላል። እነዚህ የተለየ ሕዝብ አይደሉም፤ ሚኒባስ ውስጥ ኔትወርክ የጠፋበት ማንኛችንም ለዚያች ደቂቃ ከእነሱ አንዱ ነን።

በትንሽ ስልክ ኦፔራ ሚኒ የተባለውን ብራውዘር የተጠቀመ ሰው መፍትሔውን በእጁ ይዞት ነበር። ኦፔራ ገጹን በራሱ ሰርቨር ላይ አዘጋጅቶ፣ ጨምቆ ነበር የሚልክለት። ኢትዮጵያ ውስጥም ወደ ኢንተርኔት በዚያ በር የገባ ሰው ብዙ ነው። የገጾቹ ባለቤቶች ያልተሸከሙትን ሸክም ሌላ ኩባንያ ተሸከመላቸው ማለት ነው።

ብራውዘሩ ሥራ ይፍታ እያልኩ አይደለም። ጉግል ማፕስ በ2005 ሲመጣ ካርታን እየጎተቱ ማየት የተቻለው ብራውዘሩ ስለሠራ ነው። ካርታም ሆነ ኢሜይል ተከፍቶ የሚውል ነገር ስለሆነ መጀመሪያ የተከፈለው ጊዜ ይካካሳል። ፖርታል ግን ሰው ገብቶ ቀጠሮውን ወይም ውጤቱን አይቶ የሚወጣበት ቦታ ነው፤ ማካካሻ ጊዜ የለውም። ደግሞም ብራውዘሩ ያለው በተጠቃሚው እጅ ስለሆነ የፈለገ ሰው ኮዱን ከፍቶ ይለውጠዋል። ስልክ ቁጥሩ አንድ አሃዝ ሲጎድለው እዚያው በቀይ ማሳየት ጥሩ መስተንግዶ ነው፤ ዋጋ ማስላትና ፈቃድ ማረጋገጥ ግን ሰርቨሩ ላይ ካልተሠሩ እንዳልተሠሩ ይቆጠራሉ።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የሚከብደው የመጨናነቅ ነገር ነው። የፈተና ውጤት በሚለቀቅበት ዕለት የአገሩ ተማሪ በሙሉ አንድ ገጽ ላይ ይረባረባል። «ሰርቨሩ አልቻለም፣ ሥራውን ለስልኮቹ እናካፍል» ይባላል። ነገር ግን እንዲህ ባለ ቀን ብዙውን ጊዜ የሚያንቀው ገጹን መጻፉ ሳይሆን ዳታቤዙን መጠየቁ ነው፤ ብራውዘሩም ውጤቱን የሚጠይቀው ከዚያው ዳታቤዝ ነው። ባዶ ገጽ ላይ የምትሽከረከረውን ክብ እያየ የተጨነቀ ተማሪ ደግሞ ገጹን ደጋግሞ ያድሳል፤ እያንዳንዱ ማደስም አዲስ ጥያቄ ነው። ውጤት ከተለቀቀ በኋላ፣ የእርማት አቤቱታ ካልሆነ በቀር፣ አይለዋወጥም። የእያንዳንዱን ተማሪ ገጽ ከዋዜማው አዘጋጅቶ ማስቀመጥ፣ በዕለቱም ማንነቱን አረጋግጦ ያለቀውን ማቀበል ይቻላል።

እንዲህ ያለ ፖርታል የሚያሠራ መሥሪያ ቤት በጨረታ ሰነዱ ላይ የቴክኖሎጂዎች ስም ከሚደረድር፣ ገጹ በርካሽ ስልክና በሦስተኛው ትውልድ ኔትወርክ በስንት ሰከንድ ውስጥ መነበብ እንዳለበት ይጻፍ። ርክክቡም በዚያው ስልክ ይሁን።