ያስተካከልኩት ዜማ

ባለፈው ስለ ሀ፣ ሐ እና ኀ ጽፌ «እኛስ መቼ ለይተናቸው ነው!» እያላችሁ በር ላይ ያሳቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። በዚህኛው እትም ፊደሉን ትንሽ ላሳርፈውና ስለ ሌላው ሥራዬ ላጫውታችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ልጆቻችሁን ሀ ሁ የምታስቆጥረው መምህርት፣ ማክሰኞና ሐሙስ እዚሁ ለንደን ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜማ ድርሰት ታስተምራለች።

በቀደም ክርስትና ቤት አንድ አባት «ሥራሽ ምንድን ነው ልጄ?» ብለው ጠየቁኝና ይህንኑ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ «እሱስ ደግ ነው፤ ዋናው ሥራሽስ?» አሉኝ። አልተቀየምኩም። በሳምንት ሁለት ቀን የሚሠራ ሥራ፣ ያውም ሙዚቃ፣ ለብዙዎቻችን ሥራ አይመስለንም። እውነቱን ለመናገር ደመወዙም አይመስልም።

ሰሞኑን ደግሞ የር ናይን ልጅ ያላችሁ አንዳንድ ወላጆች የትምህርት ምርጫ ወቅት ደርሶ «ሙዚቃ ይምረጥ ወይስ ይቅርበት?» እያላችሁ ጠይቃችሁኛል። እኔ ልጁ የማይፈልገውን ምረጡለት አልልም። ግን አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ሙላቱ አስታጥቄን ቤተሰቦቹ ወደዚህ አገር፣ ወደ ዌልስ፣ የላኩት ምሕንድስና እንዲማር ነበር። ሙዚቃ እንደሚሆንለት የታወቀው እዚያው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያለ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ለንደን መጥቶ ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ የገባው። ይህን የጠቀስኩት ልጃችሁ ሙላቱ ይሆናል ለማለት አይደለም። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ነርስ፣ ሒሳብ ሠራተኛና ኤሌክትሪሺያን ነው የሚሆኑት፤ ይሁኑ። ግን ልጁ ምን እንደሚሆንለት እሱም እኛም የምናውቀው ሲሞክረው ነው።

ሙዚቃ ማስተማር ሲባል ለብዙ ሰው ፒያኖ ማስለመድ ወይም መዘምራን ማሰልጠን ይመስለዋል። የእኔው ትንሽ ይለያል፤ ልጁ ከዚህ በፊት ያልነበረ ዜማ ከራሱ አውጥቶ እንዲጽፍ ማድረግ ነው። እዚህ አገር ልጆች በ16 ዓመታቸው ገደማ በሚወስዱት ጂሲኤስኢ፣ ሙዚቃ የመረጠ ተማሪ ሁለት ድርሰት ያስረክባል። በብዙዎቹ ፈታኝ ቦርዶች ድርሰት ከጠቅላላው ውጤት 30 በመቶ ይይዛል፤ ሁለቱ ሥራዎች ተደምረው ቢያንስ 3 ደቂቃ መሙላት አለባቸው። አንዱን ተማሪው እንደ ፈቀደ ይሠራዋል፤ ሌላውን በመጨረሻው ዓመት መስከረም ላይ ቦርዱ ከሚያወጣቸው ርዕሶች መርጦ ነው። «3 ደቂቃ ደግሞ ምን አላት?» እንዳትሉ። ባዶ ገጽ ፊት ለተቀመጠ የ14 ዓመት ልጅ 3 ደቂቃ በእግር ከአዲስ አበባ ደሴ ናት።

ታዲያ ለእንዲህ ያለ ልጅ «እንደ ልብህ ጻፍ» ማለት ምንም አትጻፍ ማለት ነው። ስለዚህ እኔ በመከልከል ነው የምጀምረው። ሦስት ድምፅ ብቻ እሰጠውና «ከዚህ አትውጣ» እላለሁ። ምት ከየት ላምጣ ካለ «ስምህን ጠረጴዛው ላይ ምታው» እለዋለሁ፤ ኢማኑኤልና ጆን አንድ ዓይነት አይመቱም እኮ። ከዚያች ምት አራት ባር ይወጣል። ባር ስል መጠጥ ቤቱን አይደለም፤ ኖታ ላይ በቁም መስመር ተለይቶ የሚታየውን ክፍል ነው።

የልጆቹ ዋና በሽታ ምን መሰላችሁ? መድገምን መፍራት። የደገሙ እንደሆነ የሰነፉ ይመስላቸዋል። በ16 ባር ውስጥ ዘጠኝ ዜማ ያጭቁና አንዱንም ሳናውቀው ያልፋል። «ከዘጠኙ አንዷን ምረጥ፤ ድገማት፣ ከዚያ ከፍ አድርጋት፣ ከዚያ ለጥጣት፣ ከዚያ ዝም በልና እንድትናፍቀን አድርግ» እላለሁ። ሌሎቹ ደግሞ የተገላቢጦሽ ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ላይ አንዲት ቁራጭ አርባ ጊዜ ለጥፈው «ጨርሻለሁ ሚስ» ይሉኛል። የሁለቱም መድኃኒት አንድ ነው፤ የጻፉትን ቁጭ ብሎ መስማት። በዓይን ሳይሆን በጆሮ።

እንግዲህ ይህን በየሳምንቱ የምለፍፍ ሰው፣ እኔው ራሴ ያልሰማሁበትን ቀን ልንገራችሁ። እናትየዋን አስፈቅጄ ነው። ልጅቷ የእኛ የቅዳሜ ተማሪ ስላልሆነች ማን ትሆን እያላችሁ አትድከሙ።

አምና ነው፤ ልጅቷ የር ቴን ነበረች። ወላጆቿ የእኛው አገር ሰዎች ናቸው፤ እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው እዚህ ነው። ለፈተናው ሳይሆን ለልምምድ ስምንት ባር እንዲጽፉ ሰጥቻቸው ነበር። ክፍሉ ውስጥ 26 ልጆች አሉ፣ ጊዜው አንድ ሰዓት ነው። የትርፍ ጊዜ መምህር ደግሞ ጣጣ አለበት፤ ሐሙስ ደወል ከተደወለ እስከ ማክሰኞ የለሁም። ስለዚህ ሁሉም ነገር በዚያች ሰዓት እንዲያልቅ እጣደፋለሁ። ተራዋ ደርሶ ኮምፒውተሯን ስመለከት ገጹ በፍላት ምልክት ተሞልቷል። አንድ ጊዜ አጫወትኩት፤ ግን ዓይኔ እስክሪኑ ላይ ነው፣ ከጀርባዬ ደግሞ ከበሮ የሚደበድብ ልጅ አለ። «ኪው ጠፍቶብሻል» አልኳት። ማውሱን ተቀበልኳትና ሁለቱን ድምፆች በግማሽ በግማሽ ከፍ አደረግኳቸው፣ ከሥር ኮርድ ደረደርኩላት፣ ሴቭ አልኩት። መልሼ አጫወትኩት። «አየሽ? አሁን አማረ።» አምሮም ነበር፤ ሊፍት ውስጥ እንደሚሰማው ሙዚቃ። «ታንክ ዩ ሚስ» አለችኝ፤ ወደ ቀጣዩ ልጅ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ያቺ ልጅ የምሰጣትን ሁሉ ትሠራ ነበር። በሰዓቱ፣ በንጽሕና፣ ኮርዱን ጠብቃ። ማርኳም ጥሩ ነው። እኔ ደስ ብሎኛል።

በጸደይ የወላጆች ምሽት ሆነ። ታውቁታላችሁ፣ ለአንድ ወላጅ አምስት ደቂቃ ነው። እናትየዋ መጣች፤ ስሜን ስታይ «ውይ፣ የኛ ሰው ነሽ እንዴ እህቴ!» ብላ ሳመችኝ፤ ከአምስቷ ደቂቃ ሁለቷ በሰላምታ አለቀች። ስለ ማርኩ ስነግራት ብዙም አላዳመጠችኝም። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «መኸር ላይ ማታ ማታ ክፍሏ ውስጥ አንድ ዜማ ታጫውት ነበር። እናቴ እኛ ጋ ስድስት ወር ተቀምጣ ስትሄድ ይቺ ልጅ ገና ትንሽ ነበረች፤ ግን ዜማውን ስሰማው እናቴ ወጥ ቤት ቆማ የምታንጎራጉር ነው የመሰለኝ። በኋላ ተወችው። ስጠይቃት ‹ስህተት ነበረበት› አለችኝ። ምን ዓይነት ስህተት ነው?»

እንዴት ያለ ዜማ እንደሆነ ጠየቅኳት። ጎንበስ ብላ፣ ሌሎቹ ወላጆች እንዳይሰሟት ቀስ አድርጋ አንጎራጎረችልኝ።

አንቺሆዬ ነበር።

ለማያውቀው ላስረዳ። የእኛ ዘፈን በአብዛኛው የቆመው በአራት ቅኝቶች ላይ ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ። እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። አንቺሆዬን ከዶ ተነስተን ፒያኖ ላይ ስንፈልገው ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ገደማ ይመጣል። ገደማ የምለው የክራርና የድምፅ ቅኝት ከፒያኖው ጋር ልክ በልክ ስለማይገጥም ነው። በፈረንጅ ሙዚቃ ለተገራ ጆሮ ሬ ፍላትና ሶል ፍላት ከዶ ጋር ሲሰሙ የተሳሳቱ ይመስላሉ። እኔ ያነሳኋቸው እነዚያኑ ሁለቱን ነው። ሬ ፍላቱን ሬ፣ ሶል ፍላቱን ሶል ሳደርጋቸው የቀሩት ዶ፣ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ናቸው፤ ከፋ ብትጀምሯቸው ደግሞ ሜጀር ትዝታ። እና ያስተካከልኩት ምኑን ነው? የልጅቷን አንቺሆዬ ነጥቄ ትዝታ ሰጠኋት፤ በዚያ ላይ ኮርድ ጫንኩበት።

ሌላ አገር ሰው ቢያደርገው «አያውቅም» እንላለን። እኔ አንቺሆዬን እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ግን ከክራር እንጂ ከኮምፒውተር አልጠበቅኩትም፤ ለንደን ከተወለደች የ14 ዓመት ልጅም አልጠበቅኩትም። እሷም ብትሆን የቅኝቱን ስም አታውቀውም። ጆሮዋ ላይ የቀረውን ነው የጻፈችው።

እናትየዋ «የድሮውን ፈልገሽ ላኪልኝ» አለችኝ። በነጋታው ፋይሉን ከፈትኩት። በላዩ ላይ ሴቭ አድርጌበት ኖሯል። ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ትከሻዋን ነቅንቃ «ኢትስ ፋይን፣ ሚስ» አለች። የእኛም የእነሱም ልጆች በጣም ሲከፋቸው የሚሉት ይህንኑ ነው። እንደገና እንድታስታውሰው ሞከርን፤ ስድስቱ ባር ያህል መጣ፣ ሁለቱ አልመጣም። የመጣውም ያው አይደለም ትላለች።

ከዚያ ወዲህ እኔም ቅዳሜ ክፍል ውስጥ እጄን አያለሁ። አንድ ልጅ «አክስቴ መጣ» ካለኝ «መጣች» ብዬ አርመዋለሁ፤ ይህ ምንም ጥያቄ የለውም። ግን አንዷ ልጅ «ዝናቡ መስኮቱን አንኳኳው፣ አልከፈትንለትም» ብላ ጽፋ «ዝናብ ዘነበ» ብዬ ላርማት ቀዩን እስክሪብቶ አንስቼ ነበር። እግዜር ይመስገን አልጻፍኩትም። የትኛው ስህተት እንደሆነና የትኛው የልጁ የራሱ እንደሆነ ለመለየት ሁለተኛ ጊዜ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ሁለተኛ ለማንበብ ደግሞ ሁልጊዜ ጊዜ የለንም።

ለእናንተ ቤት የምትሆን አንዲት ነገር ልጨምር፤ ብዙዎቻችሁ ርካሽ ኪቦርድ አላችሁና። ልጁ ጥቋቁሮቹን ቁልፎች ብቻ እንዲነካ አድርጉት፤ ነጩን ከልክሉት። አምስቱ ጥቁሮች ከፋ ሻርፕ ሲጀመሩ ሜጀር ትዝታ ናቸው፤ የትኛውንም ቢነካ ከቅኝቱ አይወጣም። አንዲት አጭር ነገር ካገኘ ሁለት ጊዜ እንዲያጫውትላችሁ ጠይቁት። አስተያየት አትስጡ። ስልካችሁ ላይ ቅዱለት፤ ለአያቱም ላኩላቸው።

ልጅቷ ዘንድሮ የር ኢለቨን ናት፤ እንደ ፈቀደች የምትሠራውን ድርሰት ጀምራለች። ለፈተናው በሚገባ ሥራ ውስጥ የመምህር እጅ አይገባም፤ የራሷ መሆኑን እሷም እኔም ፈርመን ነው የምናስረክበው። ደንቡ ዘንድሮ ደስ ብሎኛል። ባለፈው ሐሙስ ጠርታኝ አንዱን ፍላት በጣቷ እያሳየች «ሚስ፣ ይሄ ልክ ነው?» አለችኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፣ ሄድፎኗን አደረግኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ከዚያ እንደገና። «ላንቺ ምን ይመስልሻል?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «እዚህ ጋ መቆየት አለበት» ብላ ድምፁን በአንድ ምት አስረዘመችው። እስካሁን ዘጠኝ ባር፣ 40 ሰከንድ ያህል ጽፋለች። ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ ገና አልወሰነችም።