እግሩ ወዴት ይታጠፍ?

ወዳጄ፣ በሪሞት የሚበር የጦር አውሮፕላን ሞዴል ልትገጣጥም ነው አሉ። «እግሩን በሞተር ላጣጥፈው ወይስ በአየር ግፊት?» ትለኛለህ። ከዚያ በፊት የምታሳርፍበትን ቦታ እንይ። አቃቂ በሰቃ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ በመሆኑ ያው ሞዴል፣ ያንኑ ክብደት ይዞ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያርፍበት ፍጥነት ከ10 በመቶ በላይ ፈጥኖ ነው መሬት የሚነካው። ጉልበቱ ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ እግሩ ላይ የሚወርደው ጫና በሩብ ያህል ይጨምራል። እግሩ በሚሸጥበት ሣጥን ላይ «እስከ 3 ኪሎ» ተብሎ ቢጻፍ ይህ ሒሳብ የለበትም። በዚህ ላይ ዋልካውን አስብ፤ በበጋ ስንጥቁ ትንሽ ጎማ ይይዛል፣ በክረምት ደግሞ ጭቃው ይጣበቃል። ጎማው ሲያዝ ቀድሞ የሚነቀለው እግሩ ክንፉ ላይ የታሰረበት ቦታ ነው።

«እንዲህ ከሆነ ለምን ይታጠፋል? በዚሁ በአቃቂ ሜዳ ተሠርታ በ1928 ዓ.ም. የበረረችው ፀሐይ የተባለችው አውሮፕላን እኮ እግሯ አይታጠፍም» ትል ይሆናል። ልክ ነህ። በጥር 2016 ዓ.ም. ከኢጣሊያ የተመለሰችውን ፀሐይን በሞዴል ለሚሠራ ሰው ቋሚ እግር እንጂ ሌላ አያስፈልገውም። ለተዋጊ ሞዴል ግን የሚታጠፍ እግር መልክ ብቻ አይደለም፤ ሜዳው ከጨቀየ እግሩን አጥፎ ሣር ላይ በሆዱ ማሳረፍ ይቻላል። ቋሚ እግር ያለው እዚያው በአፍንጫው ይደፋል።

እኔ የምመክርህ ሳብ ቢ-17ን ነው፤ አየር ኃይላችን በ1940ዎቹ ከስዊድን ያስመጣውን ቦምብ ጣይ። እግሩ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይታጠፍና ከክንፉ ሥር ባለ ትልቅ ሽፋን ውስጥ ይገባል። ቁልቁል ሲወረወርም የእግሩ ሽፋን ፍጥነት መግቻ ሆኖ ያገለግል ነበር። ለሞዴል ሠሪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ለጎማ ጉድጓድ ብሎ ክንፉን አይቦረቡርም፣ እግሩም በጠንካራው የክንፍ ግንድ ላይ ይታሰራል። የአሜሪካው ተዋጊ አውሮፕላን የኮርሴር እግር ግን ወደ ኋላ እየታጠፈ 90 ዲግሪ ያህል ይዞራል። ሲያዩት ደስ ይላል፤ ነገር ግን የሚዞረው መገጣጠሚያ በእያንዳንዱ ከባድ ማረፍ ይላላል፣ ከላላ በኋላ ጎማው ወደ ጎን ይመለከታል። እንዲህ ባለ ሜዳ ያንን አልመርጥም።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ የአየር ግፊት እግሩን በቀስታ ሊያወርድ ይችላል፤ ለዓይን ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው። ሆኖም አንዲት ቀጭን ቱቦ ከተነፈሰች እግሩ ግማሽ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። በሞተር የሚሠራው በብሎን ስለሚገፋ ኃይል ቢቋረጥም ባለበት ይቆማል፣ ወደ ኋላ አይሸሽም። «ሞተሩስ አቧራ ቢገባበት?» ካልክ፣ በየበረራው ማግስት ጠርገው፤ የተጣመመ ዘንግ ካለም ሳይቀና አታብርረው። ስለዚህ ሞተር ያለውን፣ ከሞዴሉ ክብደት በአንድ ደረጃ ከፍ ያለውን፣ እግሩ ስፕሪንግ ያለበትን ግዛ፤ ጎማውንም ከፕላኑ በትንሹ አስፋው።